የእንጨት ማጨሻ ከየት መጣ?

በየመንደራችን ቡና ላይ የሚነሡ ሁለት ክርክሮች አሉ። አንደኛው፣ ጠራቢዎቻችን ከግራር ቁራጭ ስለሚያበጁት የዕጣን ማጨሻ ነው። «እንጨት እሳት አይሸከምም፤ ይህ ዘመን አመጣሽ ጌጥ ነው፤ ማጨሻ ማለት የሸክላው ነው» የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዕጣን ማጨስ የእኛ ወገን ወግ ነው፣ እናንተ ከእኛ ተማራችሁ የሚለው የጎረቤታሞች ሙግት ነው። ጣሪያችን ሸራና ሣር ስለ ሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ሁለተኛውም ሰው አኳርፏል።

ከሁለተኛው እንጀምር። የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ምእት ዓመት መርከቦች ወደ ፑንት ልካ ነበር። የጉዞው ታሪክ በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ 31 የሽቱ ዛፎች ከነሥራቸው በቅርጫት ሆነው ወደ መርከብ ሲጫኑ ይታያል። ፑንት የት ነበረች ቢባል ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከምሥራቅ ሱዳን አንሥቶ በኤርትራና በኢትዮጵያ በኩል እስከ ሶማሌ ጠረፍ ባለው አገር ውስጥ ይፈልጓታል። እንግዲህ ቡና ላይ የሚሟገቱት ጎረቤታሞች ሁሉ ድርሻ አላቸው ማለት ነው።

የመያዣውን ነገር ስንመለከት፣ እያንዳንዱ አገር አፈሩ የሰጠውን ተጠቅሟል። በአክሱም አጠገብ በመላዞ፣ ጎቦጨላ በተባለው ስፍራ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ቁፋሮ አልመቃህ ለተባለው ጣዖት የቀረቡ የድንጋይ የዕጣን መሠዊያዎች ተገኝተዋል። ይህ ከክርስትናም ከእስልምናም በፊት የነበረ ነው። ሶማሌዎች በኤል ቡር የሚወጣውን ነጭ ለስላሳ ድንጋይ እየፈለፈሉ «ዳብቃድ» ይሠሩበታል፤ ትርጓሜው «እሳት አንሺ» እንደ ማለት ነው። የስዋሒሊ ጠረፍ ሰዎች «ቼቴዞ» የሚሉት የሸክላ ነው፤ የእኛ እናቶች ከረከቦቱ አጠገብ የሚያኖሩትም እንዲሁ።

ታዲያ እንጨቱ ዘመን አመጣሽ ነውን? አይደለም። የጥንት ግብፃውያን ካህናት የሚያጥኑበት ዕቃ የሰው ክንድ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ከነሐስም ከእንጨትም ይሠራ ነበር፤ በጫፉ ያለው መዳፍ የፍሙን ጽዋ ይይዛል። ኦሪት ዘጸአትን በምዕራፍ 30 የገለጠ ሰውም የዕጣኑ መሠዊያ ከግራር እንጨት፣ ርዝመቱና ወርዱ አንድ አንድ ክንድ፣ ቁመቱ ሁለት ክንድ ሆኖ እንዲሠራ መታዘዙን ያገኛል። ይኸው ጠራቢዎቻችን የሚያንኳኩት ግራር መሆኑ ነው! ነገር ግን ያ እንጨት ከላይም ከጎንም በወርቅ ተለብጧል። የክርክሩ መፍቻ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እንጨቱ አካል ነው፣ እሳቱን የሚቀበለው ብረቱ ነው።

ይህንኑ ዘዴ በመካከለኛው ዐረብ አገር፣ በነጅድ፣ እናገኘዋለን። «መብኸራ» የሚባለው ማጨሻ አራት ማዕዘን እግር፣ ቀጠን ያለ ወገብና ሰፋ ያለ አፍ አለው፤ አፉ ውስጡ በብረት ይለበጣል፣ ገላውም በናስ ምስማር ያጌጣል። ለቤት ሥራ ወደዚያ የሄዱ እኅቶቻችን ሲመለሱ በሻንጣቸው ይዘውት መጥተዋል፤ የጠራቢዎቻችን ቅርጽ ከዚያ መቀዳቱ ግልጽ ነው። ወጉ ግን ይለያል። በዚያ አገር ማጨሻው ከእንግዳ ወደ እንግዳ የሚዞረው በጨዋታው መጨረሻ ነው፤ ጭሱ ከዞረ በኋላ መቀመጥ ነውር ነው። እኛ ዘንድ ዕጣኑ ሲጤስ ገና ቡናው መቆላቱ ነው፤ ያን ጊዜ እንግዳው ጫማውን ቢፈልግ ባለቤቲቱ ትቀየማለች። ለእኔ የእኛው ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ውሃና ራሽን ሲጠብቅ ለዋለ ሰው፣ ጭሱ የሚያበሥረው የመቀመጫ ሰዓት መሆን አለበት።

እንግዲህ ማጨሻ የምትገዙ ሁሉ በመጀመሪያ አፉን ተመልከቱ። በጠራቢው እጅ ወርቅም ናስም የለም፤ የወተት ጣሳ ቆርቆሮ ግን አለ። ቀለሙ ተፍቆ፣ እንደ ጽዋ ተቀልሶ፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ታጥፎ በእንጨቱ ጠርዝ ላይ ያረፈ መሆን ይገባዋል። ቆርቆሮው ብቻውን ግለቱን ወደ እንጨቱ ያሳልፋልና ሁለት ጣት ያህል አመድ ይነጠፍበት፤ ፍሙ ትንሽ ይሁን፤ በራፉም ገርበብ ይበል፣ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ይገድላልና። ያልተለበጠ ማጨሻ ያላችሁም አትጣሉት። አሸዋ ሞልታችሁ ሰንደል ትተክሉበታላችሁ፤ ፍም ግን አይገባበትም።