በረከት የሚቀመጥበት ዕቃ

«ሰላም» ሲባል ለእኔ የጦርነት አለመኖር ማለት ብቻ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጡኝ ሁለት ትንንሽ የብር ጥቅልሎች ናቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. አርኪዮሎጂስቱ ገብርኤል ባርካይ ከኢየሩሳሌም፣ ከሒኖም ሸለቆ አፋፍ ካለ መቃብር ያገኟቸው ሲሆኑ፣ እንደ ክታብ በአንገት ይታሰሩ እንደነበር ይታመናል። እንዳይሰባበሩ በጥንቃቄ ለመዘርጋት ዓመታት ፈጁ። ሲዘረጉ ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 6 ላይ ያለው የካህናት ቡራኬ ተገኘባቸው። ዕድሜያቸው ወደ 2,600 ዓመት ይጠጋል።

ቡራኬው በበረከት ተጀምሮ በሰላም ይደመደማል። የዕብራይስጡ «ሻሎም» ከእኛው «ሰላም» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሙሉ መሆንን፣ አለመጉደልን ያመለክታል። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ሚሽናም የሚዘጋው በዚሁ ቃል ነው፤ እዚያ ላይ ሰላም በረከትን በሚይዝ ዕቃ ተመስሏል። ጎተራ ቢሞላ፣ ልጅ ቢበዛ፣ ዕቃው ከተሰበረ ሁሉም ይፈስሳል ማለት ነው።

ኢየሩሳሌምን ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 አቃጠሏት። ቡራኬው ግን ከአመዱ ተረፈ። ዛሬም ዓርብ ማታ አይሁድ ወላጆች እጃቸውን በልጆቻቸው ራስ ላይ ጭነው ይደግሙታል። እኔም «ሰላም ነህ ወይ?» ስባል፣ «የጎደለብህ ነገር አለ ወይ?» የተባልሁ ይመስለኝ ጀምሯል።