የጥያቄና መልስ ውድድር ደንቦች በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል የሚካሄዱት የጥያቄና መልስ ውድድሮች ከሩቅ ሲታዩ ቢመሳሰሉም በደንባቸው እጅግ ይለያያሉ፤ ልዩነቱም የሚመነጨው እያንዳንዱ የትኛውን ዕውቀትና የትኛውን ተማሪ ለመሸለም እንደ ተነሣ ከመለያየቱ ነው።

የብዙዎቹ መነሻ ዶን ሪድ የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1953 በኤንቢሲ ራዲዮ የተጀመረው «ኮሌጅ ቦውል» የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ሲሆን፣ በ1959 ወደ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ተሻግሮ ዝናው ሰፋ። ውድድሩ የተዋቀረው በሁለት ዓይነት ጥያቄዎች ነበር፤ አንደኛው ቀድሞ ደወል የተጫነ ተወዳዳሪ ብቻውን የሚመልሰው የሽሚያ ጥያቄ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሽሚያውን ያሸነፈው ቡድን ተመካክሮ የሚመልሰው ተጨማሪ ጥያቄ ነው። በ1961 በዋሽንግተን ከተማ የተጀመረው «ኢትስ አካዳሚክ» የቴሌቪዥኑን ውድድር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያቀረበ ሲሆን፣ ሦስት ትምህርት ቤቶች ሦስት ሦስት ተማሪ የሚያሰልፉበትን ይህን ዝግጅት ማክ ማክጋሪ እስከ 2011 ድረስ ለግማሽ ምዕተ ዓመት መርቶታል።

ይሁን እንጂ አጫጭር የሽሚያ ጥያቄዎች ከባድ ጉድለት አለባቸው፤ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መልሱን ሲያውቁ አሸናፊውን የሚለየው የጣት ፍጥነት ብቻ ይሆናልና። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ የፒራሚድ ጥያቄ ይባላል፤ ይህም ጥቂቶች ብቻ ከሚያውቁት ፍንጭ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ታወቀው የሚያመራ ረጅም ጥያቄ ነው። ለምሳሌ መልሱ ማሪ ኩሪ ቢሆን፣ ጥያቄው ባለቤቷ ከወንድሙ ጋር የፈለሰፈውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ለምርምሯ መጠቀሟን በማንሣት ይጀምርና፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያሰማራቻቸውን የራጅ መኪኖች ጠቅሶ፣ ራዲየምን በማግኘቷና የኖቤልን ሽልማት ሁለት ጊዜ በመቀበሏ ይደመድማል። በዚህ መንገድ በጥልቀት ያነበበው ተማሪ ጥያቄውን አቋርጦ ሲመልስ፣ ጀማሪውም እስከ መጨረሻው ዕድል አለው። ፒራሚዱን በሚከተሉት መካከል እንኳ ልዩነት አይጠፋም፤ ሁለቱም በ1996 ከተመሠረቱት ድርጅቶች ኤንኤኪውቲ በከባዱ ፍንጭ ላይ ለመለሰ 15፣ ዘግይቶ ለመለሰ 10 ነጥብ ሰጥቶ፣ አቋርጦ ከተሳሳተው 5 ነጥብ ሲቀንስ፣ ፔስ ግን ስሕተትን አይቀጣም።

የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር በ1991 የጀመረው የሳይንስ ውድድር በበኩሉ ለሽሚያው ጥያቄ 4፣ ለተጨማሪው 10 ነጥብ በመስጠት ከግለሰብ ቅልጥፍና ይልቅ የቡድኑን ምክክር ያከብራል።

ከእነዚህ ሁሉ ርቆ የሚቆመው በ1968 ሮበርት ፒተርሰን በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ አውራጃ የመሠረተው «አካዳሚክ ዴካትሎን» ነው። በዚህ ውድድር ተማሪዎች ከሒሳብና ከሳይንስ እስከ ሙዚቃ፣ ድርሰትና ንግግር ድረስ በአሥር ዘርፎች የሚፈተኑ ሲሆን፣ ዘጠኙ የቡድን አባላት በትምህርት ውጤታቸው ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ተብለው ሦስት ሦስት ሆነው ይመደባሉ። ጥልቅ ንባብን ከፈጣን ምላሽ ጋር በማስታረቅ የፒራሚዱን ያህል የተሳካለት ደንብ ባይኖርም፣ በክፍል ውስጥ ወደ ኋላ የቀረው ተማሪም በቡድኑ ውስጥ ቦታ እንዲኖረው በደንብ ያስገደደው ግን የፒተርሰን ውድድር ነውና፣ ለትምህርት ቤት ዓላማ ከሁሉም የቀረበው እርሱ ነው።