ፊንቦስ፤ የዱር አበቦች ከሰደድ እሳት በኋላ

ፊንቦስ በደቡብ አፍሪካ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን፣ ከኬፕ ታውን ተራሮች አንሥቶ እስከ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋው የቊጥቋጦና የጽጌያት ምድር ነው። የኬፕ የዕፅዋት ክልል እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከሚይዛቸው 9,000 ከሚያህሉ የዕፅዋት ዐይነቶች አብዛኞቹ ከዚያ በቀር በየትም አይገኙም። በደጋችን የታወቀው አስታም ኤሪካ ከሚባሉት የዚህ ምድር ቊጥቋጦዎች ጋር አንድ ወገን ነው።

እሳት በዚህ ምድር ወትሮውን ጠላት አይደለም፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት አንድ ጊዜ ሲመጣ፣ ያረጀውን ቊጥቋጦ ጠርጎ፣ ፕሮቲያ በሚባለው ቊጥቋጦ የአበባ ራስ ውስጥ ተዘግቶ የኖረውን ዘር በአመዱ ላይ ያፈስሳል፤ የእሳት ሊሊ የሚሏት ተክልም ቃጠሎው ባለፈ በጥቂት ቀን ቀይ ሆና ትጸግያለች። ዘርን የሚቀሰቅሰው ግለት ብቻ ነው ተብሎ ሲታመን ከኖረ በኋላ፣ ዴ ላንግና ቡሸር የተባሉ ሊቃውንት ኦዱዊኒያ ካፒታታ የተባለውን የፊንቦስ ተክል ዘር ጢስ እንደሚያበቅለው እ.ኤ.አ. በ1990 አስታወቁ፤ በጢሱ ውስጥ ያለው፣ ዛሬ ካሪኪን የሚባለው ንጥረ ነገርም በ2004 ተለይቶ ታወቀ። ከዚህ ግኝት የተነሣ አትክልተኞች ጢስ የሰረጸበትን ውኃ አዘጋጅተው ዘሩን አንድ ቀን ያህል ይዘፈዝፉበታል፤ በመስኩ ከተደረገው ሁሉ እጅግ የሚደነቀው ይህ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ እጅግ የከበረው መዝገበ ዘር በአፈሩ ውስጥ የተቀበረው ነው። ብዙዎቹ ዘሮች ቅባት ያለባት ትንሽ ተቀጥላ ስላላቸው፣ የአገሩ ጉንዳኖች ወደ ጎሬያቸው ወስደው ተቀጥላዋን ከበሉ በኋላ ዘሩን እሳት በማይደርስበት ጥልቀት ይተዉታል፤ ከአርጀንቲና የገባው ጉንዳን ግን እነርሱን አባርሮ፣ ተቀጥላዋን በአፈሩ ገጽ ላይ በልቶ፣ ዘሩን ለአይጥና ለነበልባል ያጋልጠዋል። ከዚህ የባሰው ከውጭ የመጣው የፓይን ዛፍና የአውስትራልያ አካሺያ ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ ሲቃጠል፣ ይልቁንም ተቈርጦ በስፍራው ሲተው፣ ግለቱ የተቀበረውን ዘር ሳይቀር ይገድላል። ስለዚህ ምድሩን መልሶ የማቋቋም ሥራ የሚጀምረው ከእሳቱ አስቀድሞ ባዕዱን ዛፍ በመመንጠርና ግንዱን ከቦታው በማንሣት ነው፤ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ብዙ ድኾችን ቀጥሮ ያሠራል።

አፈሩ ዘሩን ያጣበት ስፍራ ሲኖር፣ ከዚያው አካባቢ የተለቀመ ዘር የክረምቱ ዝናም ሳይጥል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይዘራል። ከዚያም ፕሮቲያው ደጋግሞ አብቦ ዘር እስኪቋጥር ድረስ ሁለተኛ እሳት እንዳይገባበት ይጠበቃል።