ከፖትላች ወደ አይዲ
እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት በእንግሊዝ አገር የመሠረተው ኦፕንስትሪትማፕ፣ ማንኛውም ሰው ያለ ዋጋ የሚገለገልበትና የሚያርመው የዓለም ካርታ እንዲሆን የታሰበ በመሆኑ፣ ከ2007 ጀምሮ ፖትላች የተባለው የካርታ ማረሚያ ፕሮግራም ለብዙ በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያ በር ሆኖ አገለገለ። በ2013 አይዲ የተባለው አዲስ ማረሚያ፣ መንገዱንም ወንዙንም ከተዘጋጀ ዝርዝር እያስመረጠ በቀረበ ጊዜ፣ የቀድሞውን ሥርዓት ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃላቸው የያዙትና ወደ አዲሱ የተሻገሩት ነባር ካርታ ሠሪዎች እንደ ገና ከፊደል መጀመር ነበረባቸው፤ ይህም ቀላል ድካም አልነበረም። እጅግ የሚያስመሰግነው ግን፣ አይዲ በዚያው ዓመት ቀዳሚውን ስፍራ ሲይዝ ፖትላች ወዲያው አለመሻሩና ለወደደው ሁሉ በአማራጭነት መቆየቱ ነው። ፖትላች የተመሠረተበት ፍላሽ የተባለው ቴክኖሎጂ በ2020 መጨረሻ ሲያከትምም፣ ደራሲው ሪቻርድ ፌርኸርስት ከድር አሳሽ ውጭ ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም አድርጎ አዘጋጀው።