የሕመም ፈቃድ በአሜሪካ የፌዴራል ወህኒ ቤቶች

የሕመም ፈቃድ ማለት የመንግሥት ሠራተኛ ደዌ ሲያገኘው፥ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፥ ወይም የታመመ ቤተ ሰቡን ሲያስታምም፥ ደመወዙ ሳይጓደልበት ከሥራው የሚርቅበት በሕግ የተወሰነ ጊዜ ነው። በአሜሪካ ይህ ሕግ በማናቸውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ላለ ጸሓፊ እንደሚሠራ ለፌዴራል ወህኒ ቤት ዘብም ይሠራል፤ ነገር ግን የጸሓፊው ወንበር አንድ ቀን ባዶ ቢውል ደብዳቤ ከመዘግየቱ በቀር የሚደርስ ጉዳት ስለሌለ፥ የዘቡ ስፍራ ግን ለአንዲት ሰዓት እንኳ ያለ ሰው ሊቀር ስለማይችል፥ አንዱ ሕግ በሁለቱ ዘንድ የሚወልደው ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የፌዴራል ወህኒ ቤቶችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1930 ተቋቋመ። በ1936 የወጣው ሕግ ለመንግሥት ሠራተኛ በዓመት 15 ቀን የሕመም ፈቃድ ሲሰጥ፥ ሊጠራቀም የሚችለውን በ90 ቀን ወስኖት ነበር፤ የ1951ዱ ሕግ ግን የዓመቱን ድርሻ ወደ 13 ቀን ዝቅ አድርጎ፥ ያልተነካው ሁሉ ያለ ገደብ ለከርሞ እንዲተላለፍ ፈቀደ። ዛሬም ሠራተኛው፥ ትናንት የተቀጠረም ይሁን ሃያ ዓመት ያገለገለ፥ በየሁለት ሳምንቱ 4 ሰዓት፥ በዓመትም 104 ሰዓት ይታሰብለታል። የተጠራቀመው አልቆበት ጽኑ ሕመም ለያዘው ሰው አለቃው እስከ 240 ሰዓት በብድር ሊሰጠው ይችላል። ከ3 የሥራ ቀን በላይ የቀረ ሰው የሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን፥ የማይቻልበት ምክንያት ቢኖር ደግሞ እስከ 30 ቀን ጊዜ አለው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ጭንቁ የሚጀምረው ከበሩ ላይ ነው። በእነዚህ ወህኒ ቤቶች በተለመደው የሦስት ተራ አሠራር፥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሊገባ የሚገባው ዘብ ገና ጎሕ ሳይቀድ ደውሎ ትኩሳት እንደያዘው ለተረኛው መቶ አለቃ ሲነግር፥ መቶ አለቃው የተራውን ዝርዝር እያገላበጠ ተተኪ ይፈልጋል። ተተኪው ከታጣ፥ ሌሊቱን ሙሉ እሥረኞችን ሲቆጥር ያደረው፥ ቁልፉን ለመቆጣጠሪያው ክፍል መልሶ በመያዣነት ያስቀመጠውን የብረት ምልክት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ የነበረው ዘብ፥ በትእዛዝ ሌላ ስምንት ሰዓት ይጨመርበታል። ለበሽተኛው የሚሰጠው ዕረፍት እንዲህ ሲሆን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ብቻ ሳይሆን ከባልንጀራውም እንቅልፍ ተቀንሶ የሚከፈል ነው።

ይህ እንዳይሆን፥ በሕመምና በዓመት ዕረፍት የተለዩትን እንዲተኩ ብቻ የሚመደቡ ዘቦች አሉ፤ ቁጥራቸው በቂ በሆነበት ስፍራ ሕጉ በእውነት ይሠራል። ሰው ባነሰ ጊዜ ግን ሠራተኛው ሁሉ አስቀድሞ የወህኒ ቤት ጠባቂ ነው በሚለው የመሥሪያ ቤቱ መርሕ መሠረት፥ መምህሩ ክፍሉን ዘግቶ፥ ነርሷም መድኀኒቷን ትታ፥ የወጥ ቤቱም ኀላፊ ከምድጃው ተነሥቶ ለጥበቃ ይሰማራሉ፤ የዘቡም ትኩሳት ዞሮ ለእሥረኛው የቀረበት ትምህርትና የተራዘመበት ሕክምና ይሆናል። ወንጌል ሕሙሙንና እሥረኛውን በአንድ ስፍራ ማንሣቱ እዚህ ላይ ለአስተዋይ ሰው ምን ያህል ቅርብ ነው!

ፈቃዱን ያለ አግባብ ይወስዳል ተብሎ የተጠረጠረ ሠራተኛ ለአንዲት ቀን ሕመም እንኳ ማስረጃ እንዲያመጣ ሊታዘዝ ይችላል። አላግባብ የሚጠቀም ሰው አይታጣም፤ ሆኖም በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተራ ተደርቦበት ሥጋው የዛለን ሰው ከአታላይ ጋር መደመር፥ ድካሙን ባመጣው ሥርዐት ፈንታ ደካማውን መቅጣት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ የአሜሪካ ምክር ቤት እስከ 80 ሰዓት የሚደርስ ልዩ የሕመም ፈቃድ በሕግ ደነገገ፤ ሕጉም ከኤፕሪል 1 ቀን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጸና። ነገር ግን አሠሪው ከዚህ ፈቃድ ሊያስቀራቸው ከሚችሉት የአስቸኳይ አገልግሎት ሠራተኞች መካከል፥ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ሠራተኛ ጋር፥ የወህኒ ቤት ሠራተኞችም ተቈጠሩ። ተላላፊ ደዌ በተዘጋ ግንብ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት ለሚያስብ ሰው ይህ አንቀጽ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ሥራው አይቋረጥም ማለት አንድ ነገር ሲሆን፥ ሠራተኛው አይታመምም ማለት ግን ሌላ ነው።

በሥራ ላይ ሳለ በድንገተኛ አደጋ የቆሰለ ዘብ፥ ለምሳሌ ጠብ ሲያበርድ ክንዱ የተሰበረ፥ ከራሱ የሕመም ፈቃድ ሊቀነስበት አይገባም፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1916 በተጣለው የጉዳት ካሣ ሕግ ጕዳቱን በ30 ቀን ውስጥ ካስታወቀ እስከ 45 ቀን ደመወዙ አይቋረጥበትም። ከዚያ በኋላ የደመወዙን ሁለት ሦስተኛ፥ የሚጦረው ቤተ ሰብ ካለውም ሦስት አራተኛ በካሣ ያገኛል።

ዘቡ 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት ካገለገለ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ሳይነካ የቀረው የሕመም ፈቃድ በጥሬ ገንዘብ አይከፈለውም፤ በአዲሱ የጡረታ ሥርዐት ለታቀፉት ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ ከንቱ ይቀር ስለ ነበር፥ ብዙዎች በመጨረሻው ዓመታቸው ሲያሟጥጡት ሠራተኞቹ ለዚህ ልማድ የዚያ ሥርዐት «ጉንፋን» የሚል መጠሪያ አወጡለት። በ2009 የወጣው ሕግ እኩሌታውን፥ ከ2014 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሙሉውን፥ በጡረታው ስሌት ውስጥ እንደ አገልግሎት ዘመን እንዲታሰብ አድርጓል፤ የ20 ዓመቱን አገልግሎት ለመሙላት ግን አያገለግልም። ሥራውን ለቅቆ ከዓመታት በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ የተመለሰ ሰውም ቀድሞ ያጠራቀመው ሰዓት ይመለስለታል።