የሞተር ብየዳ ማሽን የት ይነሳ? የት ይደር?

አያት አካባቢ መብራት ያልገባለት ወይም የጠፋበት ግንባታ ላይ ብየዳ የሚሠራው በናፍጣ ወይም በቤንዚን ሞተር ነው። ማሽኑ ቀን ያሠራል፣ ማታ ደግሞ ሌባ ተፈርቶ ጥበቃው የሚተኛበት ቆርቆሮ ቤት ሊገባ ይችላል። ሁለቱም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዋና ዋናዎቹን እነሆ ብለናል።

• ቦታ፦ ሁሌም ደጅ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ። ምድር ቤት ውስጥ በጭራሽ! ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው። መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም።

• ነዳጅ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ሙሉ። የፈሰሰውን ሳትጠርጉ አታስነሱ።

• ኬብል፦ የተላጠ ካለ ቀይሩ። ዝናብ ላይ ወይም በእርጥብ ጓንት አትበይዱ፤ ኤሌክትሪክ ይይዛችኋል።

• ሥራ ሲያበቃ፦ ኤሌክትሮዱን ከመያዣው አውጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የነዳጁን መዝጊያ ዝጉ። ሸራ የሚለብሰው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ለወራት የሚቆም ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀሉ፤ የቤንዚን ከሆነ ቤንዚኑን አውጡ።

• አዳር፦ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ውጪ፣ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ፣ በሰንሰለት ታስሮ። የነዳጅ ትነትና የሻማ ወይም የከሰል እሳት አንድ ክፍል ውስጥ አያድሩም።

ማሽኑ አጠገብ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ቶሎ ንጹህ አየር ወዳለበት ውጡ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳት አደጋ 939 ደውሉ።

ሳይት ላይ የሚያድር ጓደኛ ካላችሁ ላኩለት።