ያገለገለ ሚኒባስ ከመግዛት በፊት፡ አስተማማኝነትንና የጥገና ወጪን መመዘን

በአገራችን ከተሞች የሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት ከሚሰጡት ሚኒባሶች መካከል በርካቶቹ አገልግለው የተገዙ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ የቶዮታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ማምረት የጀመረው ሃይኤስ በስፋት ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው በመደንገጉ፣ አሮጌ ተሽከርካሪ ከውጭ ማስገባት ውድ ሆኗል። በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል በአገር ውስጥ ሲሠሩ የቆዩ ሚኒባሶች ከእጅ ወደ እጅ መሸጋገራቸው ቀጥሏል።

ከቁጠባና ብድር ማኅበር በተገኘ ብድር ወይም ለዓመታት በተጠራቀመ ገንዘብ ሚኒባስ ለሚገዛ ቤተሰብ የተሳሳተ ምርጫ ከባድ ኪሳራ ያስከትላል። ስለሆነም የአንድ ሚኒባስ እውነተኛ ዋጋ በሽያጭ ውሉ ላይ የሰፈረው ብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠይቀው ጥገና ተደምሮበት የሚገኘው መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

የዕድሜና የኪሎ ሜትር ማስረጃ

ገዢዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት የምርት ዘመንንና የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ቆጣሪው ሊቀየር ወይም ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የከተማ ሚኒባስ በዓመት 300 ቀናት ቢሠራ 45,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በ5 ዓመት ደግሞ 225,000 ይደርሳል። ለረጅም ዓመታት በታክሲነት ያገለገለ ሚኒባስ ቆጣሪው 120,000 ብቻ ካሳየ ጥርጣሬ ሊያድር ይገባል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል ጎማ፣ የመሪው ገጽ፣ የሾፌሩ ወንበርና የበር ማጠፊያዎች ያሉበት ሁኔታ ከቆጣሪው የተሻለ ምስክርነት ይሰጣል።

የሞተሩን ዓይነት መለየት

የጥገናውን ወጪ አስቀድሞ ለመገመት የሞተሩን ዓይነት ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አራተኛው የሃይኤስ ትውልድ በአብዛኛው የሚታወቀው 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በተባሉት የናፍጣ ሞተሮች ነው። እነዚህ ሞተሮች በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ በመሆናቸው ልምድ ያለው መካኒክ ያለ ኮምፒዩተር ሊጠግናቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው አምስተኛው ትውልድ ውስጥ የሚገኙት 1ኬዲና 2ኬዲ ግን ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊትና በኤሌክትሮኒክስ ቁጥጥር የሚረጩ ናቸው። ጉልበታቸው የተሻለ ቢሆንም ውኃ ወይም ቆሻሻ የተቀላቀለበት ናፍጣ ኢንጀክተሮቻቸውን በቀላሉ ይጎዳል፤ የኢንጀክተሮቹም ዋጋ ከፍተኛ ነው።

አዲስ ቅርጽ ያለው ሚኒባስ ሁሉ አዲሱን ሞተር ይዟል ማለት ግን አይደለም። አምስተኛው ትውልድ ከ5ኤል ሞተር ጋርም ተመርቷል። ልዩነቱን ከሞዴል መለያው መረዳት ይቻላል፤ መለያው በ«ኤልኤች» ከጀመረ የኤል ቤተሰብ ሞተር፣ በ«ኬዲኤች» ከጀመረ የኬዲ ሞተር፣ በ«አርዜድኤች» ወይም በ«ቲአርኤች» ከጀመረ ደግሞ የቤንዚን ሞተር እንደተገጠመለት ያመለክታል። መለያው በተሽከርካሪው ላይ ካለው ሞተር ጋር ካልተጣጣመ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ስለሆነ ለውጡ በሊብሬው ላይ መመዝገቡን ማጣራት ይገባል።

የሞተር ምርመራ

የሃይኤስ ሞተር የሚገኘው ከፊት ወንበር በታች በመሆኑ ወንበሩን አንስቶ መመልከት ግድ ይላል። ምርመራው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ መከናወን አለበት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን መቅጠር ይመረጣል።

ሲነሳ የሚታየው ጭስ ብዙ ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል፣ ይኸውም የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቮላ ችግር እንዳለ ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃ ምልክት ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛትን ወይም የአየር ማነስን ያሳያል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ በዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም። የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ሳይሞቅ ተከፍቶ በውኃው ላይ ዘይት ከታየ ወይም ሞተሩ እየሠራ አረፋ ከፈላ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበላሽቶ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

የታይሚንግ ቺንጋ ጉዳይ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በኤል ሞተሮች ላይ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ይመከራል። ሞተሩ እየሠራ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቮላ ተጋጭተው ከፍተኛ ጉዳት ይደርሳል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ፣ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ወጪውን መያዝ ይበጃል።

ሻንሲ፣ መሪና ካምቢዮ

ሞተር ሊታደስ ይችላል፤ የተጣመመ አካል ግን ተስተካክሎ እንደ ቀድሞው ለመሆኑ ዋስትና የለም። ከሥር የብየዳ ምልክት፣ በበር ደረጃና በጎማ ዙሪያ ዝገት፣ በቀለም ሥር የተሸሸገ ስቱኮ መኖሩ ይታይ። ከጃፓን መጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ተሽከርካሪዎች ስላሉ የመሪው ዘንግና የፍሬኑ መስመር አገጣጠም በባለሙያ መመርመር ይኖርበታል። በዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ማርሽ ሲገባ የሚያንገጫግጭ ወይም በራሱ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ከካምቢዮው ሊሆን ይችላል።

ወጪውን ማስላት

ከምርመራው በኋላ የተገኙትን ጉድለቶች በ3 መክፈል ይጠቅማል፦ ለደኅንነት ሲባል ወዲያውኑ የሚጠገኑ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚደርሱ፣ እንዲሁም ሊደርሱም ላይደርሱም የሚችሉ ከባድ ብልሽቶች። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ ከ2 ጋራዦች የመለዋወጫና የእጅ ዋጋ የተለየበት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ይገባል። የመለዋወጫው ዋጋ ዕቃው ኦሪጅናል፣ ተመሳሳይ ወይም ያገለገለ በመሆኑ በእጅጉ ስለሚለያይ ይህም በጽሑፍ ይገለጽ።

ለምሳሌ የአንዱ ሚኒባስ ዋጋ 100፣ ጥገናው 30 ቢሆን ጠቅላላው 130 ነው። የሌላው ዋጋ 115፣ ጥገናው 8 ከሆነ ድምሩ 123 ይሆናል። ርካሽ የመሰለው በ7 በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ጋራዥ በቆመባቸው ቀናት የሚቀረው ገቢ ሲታከልበት ልዩነቱ ይሰፋል፤ የብድር ክፍያ ተሽከርካሪው ስለቆመ አይቆምምና። በጨረታ የሚሸጡ የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎችም ባሉበት ሁኔታ የሚሸጡ ከሆነ፣ ተጫራቹ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ይህንኑ ስሌት ቢሠራ ይጠቀማል።

የሰነድና የሕግ ማረጋገጫ

የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከር፣ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራው መከናወኑ፣ ተሽከርካሪው ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነጻ መሆኑ ፋይሉ ከሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መረጋገጥ ይኖርበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ቢደነግግም፣ ገዢም ዕቃውን በጊዜው የመመርመርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ሳይዘገይ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ገለልተኛ መካኒክ ቀጥሮ ማስመርመርና የተገኘውን ውጤት ለዋጋ ድርድር ማዋል፣ በኋላ ከሚመጣ ክርክርና ወጪ የሚያድን ርምጃ ነው።